ቪትዝ በጎንደር ዳገት፦ ኪስ የሚጎዳው ነዳጁ አይደለም

ጎንደር ውስጥ «ምን መኪና ልግዛ?» ብሎ የሚያማክር ሰው የሚያገኘው መልስ ያው ነው፤ «ቪትዝ ግዛ፣ ነዳጅ አትጠጣም።» ውሸት የለበትም። ግን ነዳጅ አለመጠጣት የቪትዞች ሁሉ ጠባይ ስለሆነ ለመምረጥ አይረዳም። አንዷ ቪትዝ አምስት ዓመት ያለ ሐሳብ ስታገለግል ሌላዋ በሁለተኛው ዓመት ጋራዥ ደጃፍ ተገትራ የምትቀረው በካምቢዮዋ፣ በራዲያተሯና በእግሯ የተነሳ ነው። ይህ ግምገማም ብዙውን ቦታ የሚሰጠው ለነዚህ ነው።

የምናያት የቶዮታ ቪትዝን ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የተመረተችውን። «ቪትዝ» የጃፓን ገበያ ስሟ ነው፤ ወደ አውሮፓና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ስትላክ ያሪስ ትባላለች። ሻጩ «ያው ናቸው» ቢላችሁ አትቀበሉት። ከሞተሩ ጀርባ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ያለችውን ቆርቆሮ ፈልጉና የሞዴል ኮዱን አንብቡ። ኬኤስፒ90 ካለ ባለ 1.0 ሊትር፣ ባለ ሦስት ፒስተንና 71 የፈረስ ጉልበት ናት። ኤስሲፒ90 ካለ 1.3 ሊትር፣ አራት ፒስተን፣ 87 የፈረስ ጉልበት። ኤንሲፒ91 ደግሞ 1.5 ናት። ከባሕረ ሰላጤው የመጡት ያሪሶች በብዛት ባለ 1.3 ሞተርና ባለ አራት ማርሽ ተራ አውቶማቲክ ናቸው። ለጎንደር የምንመርጠው እነሱን ነው፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

መጀመሪያ መልካሙን እንናገር። የሁሉም ሞተር ውስጡ የሚዞረው በሰንሰለት ስለሆነ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የታይሚንግ ቺንጋ የመቀየር ወጪ የለም። መሪዋ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ስለሆነ የመሪ ፖምፓም፣ የመሪ ዘይትም፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦም የለባትም። ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ የትም ይገኛል። ሜካኒኩም አይኑን ጨፍኖ ይፈታታል።

አሁን ወደ ዳገቱ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ በወረቀት 71 የነበረው የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 56 ይወርዳል። አምስት ሰውና የገበያ ዕቃ ጭናችሁ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ኮረብታ ስትወጡ ባለ 1.0ዋ ትወጣለች፤ ግን ነዳጅ መስጫው ወለል እስኪነካ ተረግጦ፣ ሞተሯ እየጮኸ ነው። ይህ ብቻውን ሞተር አይገድልም። የሚጎዳው ጩኸቱን ተሸክሞ ወደ ጎማ የሚያስተላልፈውን ካምቢዮ ነው።

በጃፓን ገበያ ከተሸጡት ብዙዎቹ ሲቪቲ ካምቢዮ አላቸው። ሲቪቲ ማርሽ እየቀያየረ አይሄድም፤ በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ ነው። ለጥ ባለ አስፋልት ላይ እንደ ቅቤ ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ቀበቶው እንዳይንሸራተት ፑሊዎቹ ጨምቀው የሚይዙት ግን በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ካረጀ፣ ከጎደለ ወይም ከተሳሳተ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ሲጠየቅ ቀበቶው ይንሸራተትና ፑሊውን ይፍቃል። የተፋቀ ፑሊ ተጠግኖ አይመለስም። የሚገዛው ሙሉ ካምቢዮ ነው፣ እሱም ከሌላ መኪና የወጣ። ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ይመጣል። ዋስትናውም «አስነስተህ እየው» ከማለት አያልፍም።

የሚያሳዝነው፣ ብዙው ሲቪቲ የሚሞተው በዕድሜ ሳይሆን በዘይት ነው። ተራው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና የሲቪቲ ዘይት ቀለማቸው ሊቀራረብ ይችላል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ተራው የተሠራው ለተራው አውቶማቲክ ነው፤ ሲቪቲ ውስጥ ከገባ ቀበቶው እንዲጨብጥ የሚያስፈልገውን ባሕርይ አይሰጥም። የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ብረት ስታወጡ የሚፈልገው ዘይት ዓይነት ተቀርጾበት ታገኛላችሁ፤ ሱቅ ስትሄዱ ያንን ስም ይዛችሁ ሂዱ እንጂ «ካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» አትበሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከታች ያለውን ብሎን ፈትታችሁ አንጠባጥቡ፤ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሊትር ነው፤ የወጣውን በመለኪያ ዕቃ ለኩና ያንኑ ያህል ሙሉ፤ ከዚያ ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ ካምቢዮው ፓርኪንግ ላይ ሆኖ መጠኑን በብረቱ እዩ። በግፊት ማሽን ሙሉውን አጥቦ ማውጣት የሚባለውን፣ በተለይ ለዓመታት ዘይቱ ያልተቀየረ ካምቢዮ ላይ፣ አንመክረውም፤ የተቀመጠው ቆሻሻ ተነስቶ ቀጫጭን የዘይት መንገዶችን ሊዘጋ ይችላል። ለሜዳማ ከተማ በየ40,000 የሚባለውን እዚህ በየ30,000 ኪሎ ሜትር አድርጉት።

ማንዋል ከገዛችሁ ይህ ሁሉ ይቀርላችኋል፤ በቦታው ፍሪሲዮን ይመጣል። ዳገት ላይ ቆማችሁ መኪናዋን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን ይዛችሁ የምትጠብቁ ከሆነ፣ 100,000 መሄድ የሚችለው ፍሪሲዮን በ40,000 ያልቃል። ሲቀየር ዲስኩን ብቻ አትቀይሩ። የሚጫነው ሳህንና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፤ ዋናው ዋጋ ካምቢዮውን ማውረዱ ነው፣ ለአንዲት ኩሽኔታ ሁለት ጊዜ ማውረድ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው የወጪ በር ራዲያተሩ ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው የሚያውቀው «ውሃ እንዳይጎድል» የሚለውን ብቻ ነው። በጎንደር ከፍታ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተሩ መደበኛ የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይመላለሳል። ታዲያ ውሃው ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝና የመፍያ ነጥቡን ከ100 በላይ ስለሚያወጣው ነው። ክዳኑ ላይ ያለችው ላስቲክ ስትሰነጠቅ ወይም ሞላዋ ስትደክም ራዲያተሩ ክፍት ድስት ይሆናል። ዝቅ ባለ አገር ተመሳሳይ ክዳን ይዞ በሰላም የሚሄድ መኪና እዚህ መንተክተክ ይጀምራል። በትንሽ ገንዘብ የምትገዛ ክዳን አንድ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ታስጠምማለች።

የሚከተለው ሰንሰለት የታወቀ ነው። ውሃ ይፈላል፣ በማስፋፊያው ፕላስቲክ ዕቃ በኩል ይፈስሳል፣ ሾፌሩ የቧንቧ ውሃ ይጨምራል። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ኖራ ያስቀምጣል፤ የራዲያተሩ ቀጫጭን መንገዶች ይጠባሉ፣ የውሃ ፖምፓው ይበላል። በተለይ ባለ ሦስት ፒስተኗ ሞተር የውሃ ፖምፓ ድክመቷ የታወቀ ነው፤ ጠዋት ስትነሳ ከቺንጋው በኩል የሚያፏጭ ወይም የሚያንገራግር ድምፅ፣ ከፖምፓው ሥር ደግሞ የደረቀ ሮዝ ወይም ቡናማ ምልክት ይታያል። ይህ ከታለፈ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ቴስታታ ይጠማል። ከዚያ ቴስታታው ወርዶ መላጨት፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ዘይት፣ የሦስት ቀን ጋራዥ። መከላከያው፦ ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ ኩላንት፣ በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ ክዳኑን አብሮ መቀየር። ፋኑንም በየጊዜው አዳምጡት። በሜዳ ስትሄዱ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ የሞተ ፋን አይታወቅም። የጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው መንገድ በሰው ማዕበል መሃል አንድ ሰዓት እያዘገማችሁ ስትሄዱ ግን የማን ፋን እንደሞተ አገር ያየዋል።

ወደ መተማ የምትመላለሱ ከሆነ ይህን ሁሉ በእጥፍ አክብዱት፤ ቆላው ምሕረት የለውም።

እግሯ ላይ እንምጣ። የጎንደር የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ የመኪናዋ ሆድ ደግሞ ከመሬት የሚርቀው 14 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ኮብልስቶን ጉድጓድ አይደለም፣ ሰው አይፈራውም፤ ግን በየሜትሩ በትንሽ በትንሹ የሚመታ መዶሻ ነው። መጀመሪያ የሚሄዱት የስታብላይዘር ሊንኮች (መኪናዋ ወደ ጎን እንዳታዘነብል የሚይዘውን ብረት ከእግሯ ጋር የሚያያይዙ አጫጭር ዘንጎች) ናቸው፤ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ከፊት «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ የነሱ ነው። ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ቀያሪው ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ቀጥሎ የታችኛው ክንድ የጎማ ቡሽ ይሰነጠቃል፤ ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን የምትስበው፣ ጎማውም ውስጥ ውስጡን የሚበላው ከዚህ ነው። ከዚያ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ)፣ ከዚያ የፊት ሾክ አብዞርበር። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት አለ፤ ቡሹ አልቆ ሳለ አላይመንት ማሠራት። አላይመንቱ በማግሥቱ ይጠፋል፣ ገንዘቡም አብሮ። ቅደም ተከተሉ ቡሽ፣ ቴስቲና፣ ከዚያ አላይመንት ነው።

መለዋወጫ ስትገዙ ሦስት ደረጃ ዋጋ ትሰማላችሁ፦ አዲስ ኦሪጅናል፣ አሮጌ ኦሪጅናል፣ አዲስ ኮፒ። ሊንክና ቴስቲና ኮፒው ከዓመት በታች ሲያልቅ ኦሪጅናሉ ከሁለት ዓመት በላይ ስለሚሄድ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ኦሪጅናሉ ይረክሳል። መብራት፣ ፓራውልትና መስታወት ላይ ግን አሮጌ ኦሪጅናል ይሻላል፤ ልኩ አይዛነፍም። የፍሬን ነገር ከሆነ አሮጌ የሚባል ነገር አትንኩ።

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ለሚወርድ ሰው አንድ ነገር ብቻ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እግራችሁ ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ።

የሞተር ዘይት ላይ ያለው ክርክር አያልቅም። ለዚህ ሞተር የሚሆነው ቀጭን ዘይት ነው፤ 5 ደብልዩ 30። ብዙ ቦታ የሚሞላው ግን 20 ደብልዩ 50 ነው፤ «ወፍራም ይሻላል» እየተባለ። በጎንደር ጠዋት ቅዝቃዜ ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይ ለመውጣት ይዘገያል፤ ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው የሰንሰለት መንቀጫቀጭ ያ ነው። ዘይት መብላት ለጀመረ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ለደከመ ሞተር ወፍራም መሙላት በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። በየ5,000 ኪሎ ሜትር ከነፊልትሮው ቀይሩ። አየር ማጽጃ ፊልትሮውን በበጋው አቧራ ወቅት በየዘይት ቅያሪው አራግፉት፣ በየ15,000 ቀይሩት።

ቤንዚንን በተመለከተ ከማደያ ውጪ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው የሚያስከትለው ወጪ በሊትሩ ዋጋ ላይ አይታይም። ኬሮሲን ወይም ውሃ የገባበት ቤንዚን ካንዴላ ያጠቁራል፣ ኢንጀክተር ይደፍናል፤ የነዳጅ ፊልትሮው ደግሞ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ከፖምፓው ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ድሮ መኪና ከውጭ ነቅሎ መተካት አይቻልም። ግድ ሆኖ ከገዛችሁ ጥርት ባለ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይተኛል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ብሩ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በሊትርና በቁጥር እንቁጠረው። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ በአምስት ዓመት 60,000 ነው። ፋብሪካው በወረቀት በሊትር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ቢልም፣ በጎንደር ዳገትና በባጃጅ መሃል ከባለ 1.0ዋ 13፣ ከባለ 1.3ዋ 12 ብላችሁ ያዙ። በዓመት 923 እና 1,000 ሊትር ማለት ነው። ልዩነቱ 77 ሊትር፤ የመኪናዋ ሰልባትዮ 42 ሊትር ስለሚይዝ ሁለት ሙሊት እንኳ አይሞላም። ባለ 1.0ዋን ከሲቪቲ ጋር የመረጠ ሰው በአምስት ዓመት የሚያተርፈው ዘጠኝ ሰልባትዮ ቤንዚን ነው። የአንድ ካምቢዮ ዋጋ ጠይቁና አጠገቡ አስቀምጡት። ባለ 1.3 ባለ ተራ አውቶማቲኳን የመረጥነው ለዚህ ነው።

በነዚሁ 60,000 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ደግሞ የሚከተለውን ጠብቁ፦ 12 የዘይት ቅያሪ (እንደ ሞተሩ ከ37 እስከ 44 ሊትር ዘይት)፣ 12 የዘይት ፊልትሮ፣ አራት የአየር ፊልትሮ፣ ሁለት ጊዜ የፊት የፍሬን ሸራ፣ አንድ ጊዜ የኋላው፣ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ሊንክ፣ አንድ ጥንድ የፊት ሾክ አብዞርበር፣ ሁለት የኩላንት ቅያሪ፣ ሁለት የካምቢዮ ዘይት። ጎማ ኮብልስቶን ላይ 40,000 ከሄደ ጥሩ ሄዷል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ስብስብ ተኩል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሐዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ የሚመስል ነገር ግን መደርደሪያ ላይ ስድስት ዓመት የተኛ ጎማ አዲስ አይደለም። ይህን ዝርዝር ይዛችሁ መለዋወጫ ሱቅ ግቡ፣ የዕለቱን ዋጋ አስጽፉ፣ የእጅ ዋጋ ጨምሩ፣ ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱንና ቦሎውን ደምሩ፣ ለ60,000 አካፍሉ። የሚወጣው የአንድ ኪሎ ሜትር ዋጋችሁ ነው። መንገዳችሁ ከማራኪ ፒያሳ ብቻ ከሆነና በወር 200 ኪሎ ሜትር የማትሞሉ ከሆነ፣ ቁጥሩን ከኮንትራት ባጃጅ ጋር ስታስተያዩት ልትደነግጡ ትችላላችሁ።

ዋጋዋ አይወርድም የሚለውስ? እውነት ነው፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፤ በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ በብር ትወደዳለች። ይህን ትርፍ ነው ብሎ የሚቆጥር ሰው ግን ሸጦ ሌላ ሊገዛ ሲል ያዝናል፤ ሌላዋም ያን ያህል ተወድዳለች፤ መለዋወጫዋም እንደዚያው። ሌላ ወጥመድም አለ። ሙሉ ኢንሹራንስ ከገባችሁ የመድኑን መጠን በየዓመቱ ከገበያው ዋጋ ጋር አስተካክሉ። መኪናዋ አንድ ሚሊዮን እያወጣች በግማሽ ሚሊዮን ከተመዘገበች፣ ለ100,000 ብር ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚከፈላችሁ 50,000 ነው። ሦስተኛ ወገኑ ግዴታ ስለሆነ ምርጫ የለውም።

የኤሌክትሪክ መኪና ደግፋችሁ የምትከራከሩ ትኖራላችሁ። ከፍታው ጉልበታቸውን አይቀንስም፣ ቁልቁለት ሲወርዱም ባትሪያቸውን መልሰው ይሞላሉ፤ ለጎንደር የተሠሩ ይመስላሉ። ባትሪው ሲደክም የሚመጣው ሒሳብና የቤታችሁ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ቪትዝ ልታዩ ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ። የራዲያተሩን ክዳን በብርዱ ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ ቡናማ ዝገት ወይም የዘይት አይን ካለበት አትቀጥሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ግለጡ፤ ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። አስነሷትና ሰንሰለቱን አዳምጡ። ከፒያሳ ወደ ጎሃ አራት ሰው ጭናችሁ ውጡ፤ መሃል ዳገቱ ላይ ቁሙ፣ እንደገና ተነሱ፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ወይም ስትነሳ ከተንቀጠቀጠች ካምቢዮው ነግሯችኋል። ላይ ስትደርሱ ሪቨርስ አግቡና ትንሽ ዳገት ወደ ኋላ አስወጧት፤ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየች ያው ነው። ስትመለሱ በኮብልስቶኑ መስኮት ከፍታችሁ፣ ሬዲዮ ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። በመጨረሻ ሳታጠፏት አሥር ደቂቃ አቁማችሁ ፋኑ መነሳቱን ጠብቁ። ስትደርሱ ባለቤቱ ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ፣ ሰላም ብላችሁት ሌላ ቀን ጠዋት ሳትደውሉ ተመለሱ።